የተለየው ጣሳና የተዘጋው መስኮት፤ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ሳናቶርዩም የቤተ ሰብ ትዝታ

ሳናቶርዩም የሚለው ቃል ለዛሬ ወጣት እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። በአያቶቻችን ዘመን ግን ቃሉ በሹክሹክታ የሚነገርና ሲሰሙት ዝም የሚያሰኝ ነበር። አንድ ሰው «ሳናቶርዩም ገባ» ከተባለ፣ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ከቤቱና ከቀዬው ተለይቶ፣ ለብዙ ወራት ምናልባትም ከዓመት በላይ በሐኪሞች ጥበቃ ሥር ወደሚቀመጥበት ሩቅ ቤት ሄደ ማለት ነው። እኔ በጤና መኮንንነት ሥራዬ በፎንቆና በሆሳዕና አካባቢ በምዘዋወርበት ጊዜ አዛውንትን ስለዚህ ነገር መጠየቅ ልማዴ ሆኗል። ብዙዎቹ ወደ ሳናቶርዩም የሄደ ዘመድ አላቸው፤ ትዝታቸውም ሕያው ነው። ነገር ግን ያ ቤት ሊያስተምር የፈለገውና ቤተ ሰቡ ከዚያ የወረሰው ትምህርት አንድ ሆነው አላገኘኋቸውም። ልዩነቱም የቃል ብቻ አይደለም፤ ሰው ሞቶበታል።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ነቀርሳ የሚለው ስም ዛሬ በብዙ ሰው አፍ ካንሰር ለሚባለው በሽታ ጭምር ስለሚነገር፣ «ሳንባ ነቀርሳ አለብህ» የተባለ ሕመምተኛ የማይድን ነገር እንደ ያዘው ቈጥሮ ተስፋ ሲቈርጥ በዐይኔ አይቻለሁ። ሁለቱ በፍጹም የተለያዩ ናቸው። የሳንባ ነቀርሳ፣ በአጭሩ ቲቢ የሚባለው፣ በዐይን በማይታይ ተሐዋሲ የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ መድኃኒቱን በደንብ ለወሰደም የሚድን በሽታ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ ይህን ተሐዋሲ ማግኘቱን በበርሊን ከተማ ያስታወቀው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1882 ዓ.ም. ማርች 24 ቀን ነው። በየዓመቱ መጋቢት 15 ቀን የሚታሰበው የዓለም የሳንባ ነቀርሳ ቀንም ይህንኑ መታሰቢያ ያደረገ ነው።

ሳናቶርዩም የተፈጠረው ግን ተሐዋሲው ከመታወቁም በፊት ነበር። ሄርማን ብሬመር የተባለ ሐኪም በ1850ዎቹ፣ አሁንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ጎርበርስዶርፍ በምትባል የተራራ መንደር ሕሙማንን ሰብስቦ በንጹሕ አየር፣ በዕረፍትና በደኅና ምግብ ማስታመም ጀመረ። ዛሬ ያች መንደር በፖላንድ አገር ውስጥ ናት። ከእርሱ በኋላ የስዊትዘርላንድ ተራራማ ከተማ ዳቮስ በዚህ ሥራ ዝነኛ ሆነች፤ ባለጠጎች ከአውሮፓ ሁሉ እየተነሡ በዚያ ይታከሙ ነበር። በዚያን ጊዜ መድኃኒት የሚባል ነገር ስላልነበረ የሐኪሙ መሣሪያ አየሩና አልጋው ብቻ ነበሩ። ሕክምና ያላገኘ፣ አክታው ተሐዋሲ የሚያወጣ ሕመምተኛ በ5 ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ ወደ ተራራ የወጣ ሁሉ ይድን ነበር ብሎ መናገር አይቻልም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ይቈጨኛል። ዳቮስ ከባሕር ወለል በላይ 1560 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። ሆሳዕና ከ2100 ሜትር በላይ ናት። የአውሮፓ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ በባቡር ተጭኖ የሚሄድለት የደጋ አየር ለእኛ በደጃችን የተሰጠን ነው። ታዲያ ማታ ማታ ይህን አየር በጭቃና በመዝጊያ ከቤታችን የምናስወጣው እኛው ነን።

በአገራችን የሳንባ ነቀርሳን ለመከላከል የታቀደ ሥራ የተጀመረው በእኛ አቈጣጠር በ1950ዎቹ፣ በዋና ዋና ከተሞች ማዕከሎችና ሳናቶርዩሞች ሲቋቋሙ ነው። ከእነዚህ መካከል በሰፊው የሚታወቀው በአዲስ አበባ ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ፣ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ነው። ዛሬ ሌላም ብዙ ዓይነት ሕክምና የሚሰጥ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሆኗል። በአያቶቻችን አፍ ግን ቅዱስ ጴጥሮስ ማለት የሳል ቤት ማለት ነው። ከሀድያና ከከምባታ ተነሥቶ እስከዚያ ለመድረስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ግድ ነበር።

አሁን ወደ ትዝታው ልግባ፤ የራሴን ቤተ ሰብ ታሪክም ላስቀድም። የወንድ አያቴ ታናሽ ወንድም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ወርዶ ሁለት ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ እያሳለ ወደ ፎንቆ ተመለሰ። ሳሉ ሌሊት ይበረታበታል፤ ላቡ ልብሱን ያረጥበዋል፤ ሥጋው አለቀ፤ በመጨረሻም አክታው ደም ቀላቀለ። ቤተ ሰቡ በሽታው ምን እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ጠርጥሮ ስለ ነበር የሚያውቀውን ጥንቃቄ ሁሉ አደረገ። ሴት አያቴ ይህን ስትነግረኝ በኩራት ነበር። ለሕመምተኛው አንድ የቆርቆሮ ጣሳ ተለይቶ ምሰሶው ላይ ባለ ኩላብ ተሰቀለ፤ ከእርሱ በቀር ማንም አይነካውም። ቆጮውም ለብቻው በእንሰት ቅጠል ይቀርብለታል። መኝታው ከትልቁ ቤት ወጥቶ ጓሮ በተሠራች ትንሽ ጎጆ ሆነ። ጎጆዋ ብርድ እንዳይገባባት ግድግዳዋ ከሥር እስከ ላይ በጭቃ የተመረገ፣ መስኮት የሌላት፣ ከመሸ በኋላም መዝጊያዋ የማይከፈት ነበረች። ሌሊት ውኃ የሚያቀብለውና እሳቱን የሚቈሰቍስለት ሰው ስላስፈለገ፣ ዐሥር ዓመት ያልሞላው የአባቴ ታላቅ ወንድም ከእርሱ ጋር እንዲያድር ተደረገ። እንዲህ ሆነው 8 ወር ያህል ኖሩ።

ከዚያ በኋላ በሆሳዕና የሚነግድ አንድ ዘመድ ሕመምተኛውን በጭነት መኪና አሳፍሮ አዲስ አበባ አደረሰውና ቅዱስ ጴጥሮስ ገባ። በዚያም 14 ወር ተቀመጠ። ተመልሶ ሲያወራ ከሁሉ የደነቀው መስኮቱ እንደ ነበር አያቴ ትናገራለች። ክረምት ይሁን በጋ መስኮቱ አይዘጋም፤ የእንጦጦ ብርድ እንደ ልቡ ይገባል፤ ሕሙማኑ በብርድ ልብስና በጋቢ ተጠቅልለው ይተኛሉ። ጧት ጧት መርፌ ይወጋሉ፤ ክኒን በሐኪም ዐይን ፊት ይዋጣል፤ አክታ መሬት ላይ አይተፋም፤ ክዳን ባለው ዕቃ ይጠራቀማል። ፀሓይ ሲወጣ ከባሕር ዛፉ አጠገብ ተቀምጠው ይሞቃሉ። ከጎኑ የተኛው ሕመምተኛ መምህር ስለ ነበር፣ ሁለቱም ሌላ ሥራ ባለማግኘታቸው ፊደል ያስቈጥረው ጀመር። ማንበብ ሳያውቅ የሄደው ሰው በራሱ እጅ የጻፈው ደብዳቤ ፎንቆ በደረሰ ጊዜ፣ የሚያነብ ሰው ፍለጋ መላ መንደሩ ተነቃነቀ ይባላል። ይህን ለመምህራን አንባቢዎቻችን ስል ጨመርሁት።

ድኖ ተመለሰ፤ እስከ ሽምግልናውም ኖረ። ጣሳው ግን ከምሰሶው አልወረደም። ሐኪሞች ድኗል ብለው የላኩትን ሰው ዘመዶቹ ለብቻው ያበሉታል፤ የወንድሙን ልጆች እንዲያቅፍ አይፈቅዱለትም። እርሱ በበኩሉ ከተመለሰ በኋላ መጀመሪያ የለመነው ነገር የጎጆው ግድግዳ ተፈንቅሎ መስኮት እንዲወጣለት ነበር። የሰፈሩ ሽማግሎችም «ሳንባው የቈሰለ ሰው እንዴት ብርድ ይለምናል?» ብለው ሳቁበት። መስኮቱ ሳይወጣ ቀረ።

አብሮት ያድር የነበረው ልጅስ? ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ማሳል ጀመረ። ምች ነው ተባለ፤ ብርድ ነው ተባለ፤ ዳማ ከሴ ተጨምቆ ተሰጠው። ሆሳዕና ለመውሰድ በተነሡ ጊዜ ጊዜው አልፎ ስለ ነበር መንገድ ላይ ሞተ። አያቴ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ የልጇን ሞት ከዚያች ጎጆ ጋር አላያያዘችውም። «ምን እንደ ነካው አናውቅም፤ ከጣሳው እንኳ አንድ ቀን አልጠጣበትም» አለችኝ።

አያቴ ብቻ አይደለችም እንዲህ የምታስበው። በየቤቱ ጣሳውን፣ ሳሕኑን፣ ማንኪያውን እንለያለን፤ የሕመምተኛውን ልብስ ሌላው እንዳይለብሰው እንከለክላለን። የሳንባ ነቀርሳ ግን በጣሳ አይተላለፍም፤ በሳሕንም ሆነ በልብስ፣ እጅ በመጨባበጥም አይተላለፍም። የታመመው ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲናገርና ሲዘምር ከሳንባው የሚወጡት እጅግ ረቂቅ የሆኑ ጠብታዎች ውኃነታቸው ወዲያው ይደርቅና ተሐዋሲውን ተሸክመው እንደ ጢስ በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ቤቱ ከተዘጋ ለብዙ ሰዓታት ሳይወድቁ ይቈያሉ። በዚያ ቤት ያደረ ሰው የሚስበው ይህንኑ አየር ነው። ሕመምተኛው ከቤት ቢወጣ እንኳ አየሩ ካልተለወጠ አደጋው ለጊዜው እዚያው አለ።

ይህን ነገር ያለ ጥርጥር ያስረዳው በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ የተደረገው ምርመራ ነው። ሪቻርድ ራይሊ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ከተኙባቸው ክፍሎች የሚወጣውን አየር በቧንቧ እየሳቡ ከሕንጻው ላይ ወደ ተሠራ ክፍል እንዲገባ አደረጉ። በዚያም ጊኒ ፒግ የሚባሉትን አይጥ መሳይ እንስሳት አኖሩ። እንስሳቱ ከሕሙማኑ ጋር አልተገናኙም፤ ከአንድ ዕቃ አልበሉም፤ አልጠጡም። የደረሳቸው አየሩ ብቻ ነው። ሆኖም በበሽታው ተያዙ። ከመካከላቸው አየሩ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ተመትቶ የደረሳቸው ግን አልተያዙም። እንዲህ ያለው ጨረር ከፀሓይ ብርሃንም ውስጥ ይገኛል። የሳናቶርዩሙ መስኮትና የባሕር ዛፉ ሥር ፀሓይ የሰነፍ ሰው መዝናኛ እንዳልነበሩ ከዚህ ይታያል፤ ምንም እንኳ የጥንቶቹ ሐኪሞች ምክንያቱን በትክክል ባያውቁትም።

ስለ መስኮት አንድ ሌላ ማስረጃ ልጨምር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ 8 ሆስፒታሎች ውስጥ የአየር መለዋወጥን ለካ። መስኮቱና በሩ ተከፍቶ ሲለካ የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይለወጥ ነበር። በሞተር ኀይል አየር እንዲለወጥባቸው ብዙ ገንዘብ ወጥቶባቸው የተሠሩት ክፍሎች የታቀደላቸው 12 ጊዜ ነው። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆነ አሮጌ ሕንጻዎችም ከአዲሶቹ በልጠው ተገኙ። አዲስ የሆነ ሁሉ ይሻላል ብለን ለምናምን ሰዎች ይህ ትንሽ ያሳፍራል።

አንባቢ ምናልባት «እንግዲያው ሕመምተኛውን ሁሉ እንደ ድሮው ወደ ሳናቶርዩም መላክ አይሻልምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱን የሰጠችን የህንድ ከተማ ማድራስ ናት፤ ዛሬ ቼናይ ትባላለች። እኔ የሕዝብ ጤና ትምህርቴን በህንድ አገር በተከታተልሁበት ጊዜ መምህራኖቻችን ይህን ታሪክ እንደ አባቶች ገድል ይተርኩልን ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. ዎላስ ፎክስ በተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም መሪነት አንድ ማዕከል ተቋቋመ። ከከተማዪቱ ድኻ ሰፈሮች የመጡ ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በሳናቶርዩም ተኝተው፣ ግማሾቹ በጠባቡ ቤታቸው ሆነው ለአንድ ዓመት ያንኑ መድኃኒት ወሰዱ። የሳናቶርዩሞቹ የተሻለ ምግብ በሉ፤ የተሻለም ዐረፉ። በቤት የቀሩት ብዙዎቹ ምግባቸው ጐደሎ ነበረ፤ ሥራቸውንም አልተዉም። በ1959 ዓ.ም. ውጤቱ ሲታተም በሁለቱ ወገን የዳኑት ቍጥር ልዩነቱ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ ይልቅ የተፈራው የቤተ ሰቡ ነገር ነበር፤ ሕመምተኛው በቤት በመታከሙ አብረውት የሚኖሩት በሳናቶርዩም ከታከሙት ቤተ ሰቦች ይልቅ አልታመሙም።

ምክንያቱ ይህ ነው። መድኃኒቱ በትክክል ከተጀመረ፣ ተሐዋሲው መድኃኒቱን የተላመደ እስካልሆነ ድረስ፣ ሕመምተኛው ወደ ሌላ ሰው የማስተላለፍ ኀይሉ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ለቤተ ሰቡ ከባድ የሆነው ጊዜ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ያለው ነው። በእኛ ቤት ታሪክ አደጋው የነበረው አያቴ ከልጆቿ በጠበቀችው፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ በተመለሰው ጤነኛ ሰው ዘንድ አልነበረም። ማንም ምርመራ ሳያደርግላቸው በዚያች በተመረገች ጎጆ በታለፉት 8 ወራት ነበር። ተሐዋሲውም ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ለዓመታት ተኝቶ ሊቈይ ስለሚችል፣ ልጁ ዘግይቶ መታመሙ እንግዳ ነገር አይደለም። ተሐዋሲው የገባበት ሰው ሁሉ አይታመምም፤ ከ100 ሰው በዕድሜው ዘመን የሚታመመው ከ5 እስከ 10 ያህሉ ነው። ሕፃናትና ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ግን ከዚህ የበለጠ ይጠቃሉ።

ሳናቶርዩም ከቤተ ሰብ የሚወስደውንም ነገር መዘንጋት አይገባም። በሆሳዕና የማውቃቸው አንዲት አረጋዊት፣ እናታቸው ታመው ወደ ሩቅ ሳናቶርዩም ሲሄዱ እርሳቸው ገና ጡት የጣሉ ሕፃን ነበሩ። እናት ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ሲመለሱ ልጅቱ አክስቷን «እማዬ» ብላ ታቅፍ ነበር። እናትየዋን ግን እንግዳ ሴት ናት ብላ ሸሸቻቸው። «ሳንባዋን አድነው ላኩልን፤ እናትነቷን ግን እንደ ገና መጀመር ነበረባት» ብለው አጫውተውኛል። በደጅ የሚሰጥ ሕክምና ለመንግሥት ወጪው አነስተኛ በመሆኑ ብቻ የተመረጠ የሚመስላቸው ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ቢሰሙ መልካም ነው።

በእኛ አገር ሕመምተኛው መድኃኒቱን በጤና ሠራተኛ ፊት እየዋጠ በአቅራቢያው እንዲታከም የሚያደርገው ሥርዓት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1992 ዓ.ም. በአርሲና በባሌ ተጀምሮ ወደ ሌላው አገር ተስፋፋ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም ነገሩን ወደ ቀበሌ አቀረበው። የጥንቱ ሕክምና ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይፈጅ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. የተገኘው ስትሬፕቶማይሲን በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ በ1952 አይሶናያዚድ፣ ቈይቶም ሪፋምፒሲን ተጨመሩ። በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ላልተላመደው በሽታ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሩት 4 ወራት ሁለት ዓይነት በክኒን ይሰጣል። በመንግሥት ጤና ተቋሞች ዋጋ አይጠየቅበትም።

ፈተናው ያለው በሁለተኛው ወር መጨረሻ ነው። ሳሉ ይቆማል፤ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፤ ሰውየው ይወፍራል። በዚህ ጊዜ አንዱ ለአጨዳ፣ አንዱ ለንግድ፣ አንዱም ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ ጓዙን ያነሣል፤ ክኒኑም ይቀራል። በሰውነቱ የቀረው ጥቂት ተሐዋሲ መድኃኒቱን የቻለው ስለ ሆነ፣ ተመልሶ ሲበዛ የተለመደው ክኒን አይበግረውም። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገው ጉዞ ራሱ፣ በመንገድ ላይ ተይዘው በተጨናነቁ እስር ቤቶች ለሚታጐሩ ወጣቶች ለዚህ በሽታ የተመቸ ስፍራ ነው። ተመልሰው በሚያስሉበት ጊዜ ስለ ሳላቸው ብቻ እንጂ ስለ ጉዞአቸው የማይጠይቅ ሰው ያስፈልጋቸዋል። መድኃኒት ለተላመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በአገራችን በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው በዚያው በቅዱስ ጴጥሮስ ነበር። እንዲህ ሆኖ ያ አሮጌ ስፍራ ለአዲስ ትውልድ እንደ ገና የረዥም ጊዜ ማረፊያ ሆነ፤ ሕክምናው በዚያን ጊዜ ከ18 እስከ 24 ወር የሚፈጅ፣ ለወራትም በየቀኑ መርፌ የሚወጉበት ነበርና። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙዎቹ እንዲህ ላሉ ሕሙማን መርፌ የሌለበት የ6 ወር ሕክምና እንዲሰጥ መክሯል።

እንግዲህ ከሳናቶርዩም ወደ ቤታችን ሊመጣ የሚገባው ምንድን ነው? የሀድያና የከምባታ ባህላዊ ቤት በብልኀት የተሠራ ቤት ነው፤ ምሰሶው፣ ምድጃው፣ ከብቱ፣ ሰዉ ሁሉ በአንድ ክዳን ሥር ይሞቃሉ። እኔ በዚያ ቤት ውስጥ ያደግሁ ስለ ሆንሁ የሚንቁትን ሰዎች አልወድም። ይሁን እንጂ ሙቀቱን የሚጠብቅልን መዘጋቱ ሳልንም ይጠብቅብናል። የቆርቆሮ ቤት ያላቸው የከተማ ሰዎችም ከዚህ የተሻሉ አይደሉም፤ መስኮት አውጥተው፣ በላዩ መጋረጃ ጋርደው፣ በመጋረጃው ፊት ቁም ሣጥን ያቆማሉ። አየር አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው ብዙ አይንቀሳቀስም፤ መግቢያና መውጫ ይፈልጋል። በበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከክዳኑ በታች አንድ ክንድ ያህል ስፋት ያለው መስኮት ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሌሊት ብርዱ ቢያስቸግር የሚጨመረው ጋቢ ነው እንጂ ጭቃ አይደለም። ሕመምተኛው መድኃኒት በጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት አየር በሚገባበት ክፍል ለብቻው ቢተኛ፣ ቀኑን በደጅ በጥላ ሥር ቢውል፣ ሲያስል በነጠላው ጫፍ ወይም በመሐረብ አፉን ቢሸፍን፣ አክታውንም ክዳን ባለው ዕቃ አጠራቅሞ ቢያቃጥለው ወይም መጸዳጃ ጕድጓድ ቢጨምረው በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ከቤተ ሰቡ ጋር በአንድ ገበታ ይቅረብ። አተካናው ሲቀርብ ለብቻው የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። ወተቱ ግን ለሁሉም ይፈላ፤ የከብት ነቀርሳ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይገባልና።

በቤቱ ያሉትን ልጆች ማስመርመርም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው፤ አያቴ በዚያን ዘመን ልታደርገው ያልቻለችው፣ ዛሬ ግን የሚቻል ነገር ነው። ሕፃናት እንደ ተወለዱ የሚወጉት ቢ ሲ ጂ የተባለው ክትባት በተለይ ከከባዱ የልጆች ቲቢ ይጠብቃቸዋል እንጂ ከሚያስል ሰው ጋር በተዘጋ ቤት እንዲያድሩ ፈቃድ አይሰጥም። ሕመም ላልተገኘባቸው ልጆች መከላከያ መድኃኒት አለ፤ የታመመ ከተገኘም ሕክምናው ወዲያው ይጀመርለታል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ሁሉ አክታውን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰድ። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ባለበት ስፍራ ተሐዋሲው መኖሩንና ሪፋምፒሲንን የተላመደ መሆኑን በ2 ሰዓት ያህል ያስታውቃል።

መምህራንን በተለይ የማሳስባቸው የመማሪያ ክፍሎቻቸውን ነው። በቅርቡ በአንድ ትምህርት ቤት ስዘዋወር ከ60 በላይ ልጆች በሚማሩበት ክፍል ውስጥ 8 መስኮቶች ቈጠርሁ፤ ሁሉም ነፋስና ሌባ እንዳይገባ በሚስማር ተመትተው ነበር። ርእሰ መምህሩ ነገሩን ከሰሙ በኋላ ሳይውሉ ሳያድሩ መዶሻ አስመጡ፤ ሚስማሩንም ከትልልቆቹ ተማሪዎች ጋር ሆነን ነቀልነው። 6ቱ መስኮቶች ወዲያው ተከፈቱ። ሁለቱ እንጨታቸው በዝናብ አብጦ ስለ ነበር እንቢ አሉን፤ አናጢ ተጠርቶላቸዋል።